ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ በየት በኩል ይሻላል?

ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የጉዞ ወኪሎች ወደ አንዱ ገብታችሁ «ዋሽንግተን» ካላችሁ ወዲያው አራት አምስት አማራጭ ይደረደርላችኋል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በፍራንክፈርት፣ በኢስታንቡል፣ በዶሃ፣ በዱባይ። ከዚያ የሁሉም ሰው ዓይን የሚሮጠው ወደ ዋጋው ነው። ዋጋ ማየት ክፋት የለውም፣ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። ግን ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ አብሮ ቢነሳ ጥሩ ነው። ይሄ መንገድ ወደፊት ነው የሚወስደኝ ወይስ ወደ ኋላ?

ዋሽንግተንን የመረጥኩት ከአዲስ አበባ ብዙ ቤተሰብ እናቱን፣ አባቱን፣ ልጁን የሚሸኘው ወደዚያ ስለሆነ ነው። ቶሮንቶ የምትሄዱም አንብቡት። ርቀቱ ያው 11,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ስሌቱ ብዙም አይለወጥም።

ርቀቱ ስንት ነው?

ከቦሌ እስከ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጭሩ የአየር መስመር ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። አጭሩ መስመር ግን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ በማስመሪያ የሚሰመረው አይደለም። ምድር ክብ ስለሆነች መንገዱ ወደ ሰሜን ጎበጥ ይላል። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ ከዚያም በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አድርጎ አትላንቲክን ያቋርጣል። ልጆች ያሉበት ቤት የምድር ሉል ካለ ክር ወጥራችሁ ሞክሩት፣ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ይሄ ግን የወረቀቱ ነው። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ አየር መንገዶች የአገሪቱን ሰማይ ይሸሻሉ። ሊቢያ ላይም ብዙዎቹ አያልፉም። ዙሪያውን ይዞራሉ። ስለዚህ አውሮፕላኑ በእውነት የሚበርረው ከዚያ ቁጥር በላይ ነው።

ሰዓቱን በግምት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ኪሎ ሜትሩን ለ900 ያካፍል። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳሉ። ከዚያ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ለዋሽንግተን 13 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል።

ታዲያ ትኬቱ ላይ ስትሄዱ 16 ወይም 17 ሰዓት፣ ስትመለሱ ግን 13 ሰዓት ገደማ የሚለው ለምንድን ነው?

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርርበት ከፍታ ላይ፣ በተለይ በሰሜኑ የምድር ክፍል፣ ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። አሜሪካ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይመጣባችኋል፣ ስትመለሱ ከኋላ ይገፋችኋል።

ሁለተኛው የበለጠ ይገርማል። አዲስ አበባ ራሷ ናት። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደለስ 95 ሜትር ገደማ ላይ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ላይ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም እንደ ልቡ አያነሳም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። የቦሌ ዋናው ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፣ አጭር አይባልም። ቢሆንም መንገደኛ፣ ጭነት፣ እንዲሁም አትላንቲክን የሚያሻግር ነዳጅ ሁሉንም ሞልቶ መነሳት ይከብዳል። መፍትሔው ነዳጁን ቀነስ አድርጎ መነሳትና መንገድ ላይ አርፎ መሙላት ነው። ደብሊን ለዚህ ለዓመታት አገልግላለች። የሚታረፍበት ከተማ እንደየጊዜው ስለሚቀያየር ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። ስትመለሱ ግን ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ታንከሩን ሞልቶ አንዴ ተነስቶ ቦሌ ያርፋል። ቢሾፍቱ አጠገብ ለታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ዝቅ ያለ ቦታ መመረጡም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

አማራጮቹን እናነጻጽር

ከኢትዮጵያ አየር መንገድ እንጀምር። አንድ ትኬት፣ አንድ የበረራ ቁጥር፣ አንድ አውሮፕላን። በደብሊን በኩል ሲሆን መንገዱ 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአጭሩ መስመር የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የሚባክነው ርቀቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ መውረድ፣ ነዳጅ መሙላት፣ እንደገና መነሳት። ነዳጅ ሲሞላ መንገደኛው ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው አይወርድም። ይሄ ለአንዳንዱ ጥቅም ነው፣ ለአንዳንዱ ስቃይ። እግሩ ለሚያብጥ ሰው 17 ሰዓት አንድ ወንበር ላይ ቀላል አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ግድ ነው።

ፍራንክፈርት ካርታ ላይ ጥሩ ነው። ወደዚያ 5,350፣ ከዚያ ዋሽንግተን 6,550፣ ድምሩ 11,900። መንገዱን ሁለት ተቀራራቢ ቦታ ይከፍለዋል። መሃል ላይ ትወርዳላችሁ፣ ትራመዳላችሁ፣ ቡና ትጠጣላችሁ፣ ምንም እንኳ ቡናው የእኛን ባያህልም። በጎኑ ያለው ችግር ወረቀት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በጀርመን አየር ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ጸንቶ ያለ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ግን ከዚህ ነጻ ነው። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን ለሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ችግር አይሆንም። ቢሆንም ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ሁኔታ ከኤምባሲው ወይም ከአየር መንገዱ አጣሩ። ቦሌ ቼክ ኢን ላይ የሚነገር «አይቻልም» ምንም መድኃኒት የለውም።

የአውሮፓ አየር መንገድ አንድ ሌላ ጥቅም አለው፣ ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት የኅብረቱ አገር አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ሲያበርራችሁ በራሱ ጥፋት ብዙ ሰዓት ከዘገየ ወይም በረራውን በድንገት ከሰረዘ እስከ 600 ዩሮ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የአየር ጠባይና መሰል ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይካተትም። በኢስታንቡልም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ስትሄዱ ይሄ ሕግ አያገለግላችሁም።

ኢስታንቡል መካከለኛ ነው። እስከዚያ 3,725፣ ከዚያ 8,390፣ በድምሩ 12,100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ550 ነው፣ በአውሮፕላን ሒሳብ አርባ ደቂቃ የማይሞላ። አየር ላይ የምታሳልፉት አምስት ሰዓት ተኩል ሲደመር አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ አጠቃላይ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ኢስታንቡል ላይ የምትጠብቁት ጊዜ ነው። ሦስት ሰዓት ከሆነ በጣም ጥሩ አማራጭ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው።

አሁን ወደ ዱባይና ዶሃ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ካርታ ማየት የሚጠቅመው። ከአዲስ አበባ ዱባይ 2,520 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ሰዓት ያህል ነው። ከዱባይ ዋሽንግተን ደግሞ 11,355። እንግዲህ አስቡት፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,560 ነበር። አራት ሰዓት በርራችሁ፣ ወርዳችሁ፣ ተፈትሻችሁ፣ ዋሽንግተን የቀረበችላችሁ በ200 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሻሸመኔ እንኳ ከአዲስ አበባ ከዚያ ይርቃል። ከዚያ በኋላ ገና የ14 ሰዓት በረራ ይቀራል። ድምሩ 13,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ዶሃ ትንሽ ይሻላል፣ 13,400 አካባቢ፣ ግን ነገሩ ያው ነው።

ታዲያ ሰው ለምን በዚያ ይሄዳል? ዋጋው አንዳንዴ በጣም ይቀንሳል። አውሮፕላኖቹ ምቹ ናቸው፣ በረራው ይበዛል፣ ሱቁም ሰዓት ያስረሳል። ዱባይ ዘመድ ያለው ሁለት ቀን አርፎ ይቀጥላል፣ ይሄ ጥሩ ምክንያት ነው። ሌላው ባሕረ ሰላጤ ከተነሳ አይቀር፣ ከአቡ ዳቢ የሚነሳ መንገደኛ የአሜሪካን የኢሚግሬሽን ፍተሻ እዚያው አቡ ዳቢ ላይ ጨርሶ ነው የሚሳፈረው። አሜሪካ ሲደርስ እንደ አገር ውስጥ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ደለስ ላይ ረጅም ሰልፍ ቆሞ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ በዱባይ ወይም በዶሃ ለመሄድ የዋጋው ልዩነት እውነተኛ ልዩነት መሆን አለበት። ጥቂት ዶላር ለማትረፍ 2,000 ኪሎ ሜትር መጨመር አያዋጣም።

ማን ነው የሚሄደው?

እማማን የምትልኩ ከሆነ፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ፣ ከዚህ በፊት ያልወጡ፣ ምንም አታወላውሉ። አውሮፕላን የማይቀይሩበትን ምረጡ። ቢወደድም ምረጡ። ትልልቅ አየር ማረፊያዎች ውስጥ በር መፈለግ፣ ባቡር መሳፈር፣ ሰሌዳ ማንበብ ለወጣትም ያደክማል። ትኬቱ ሲቆረጥ ደግሞ ዊልቸር አስመዝግቡ። ክፍያ የለውም። መራመድ የሚችሉ እናቶችም ይጠቀሙበታል፣ ምክንያቱም ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው መንገድ መሪም ጭምር ነው። «እኔ ምን ሆንኩና?» ብለው ይቆጣሉ። ይቆጡ። ደለስ ሲደርሱ ይመርቋችኋል።

ጾም ላይ ከሆኑም አስቡበት። የውጭ አየር መንገድ ከሆነ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበትን ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ቪጋን ብላችሁ ነው የምትጠይቁት። ይሄ ካልተደረገ እማማ 17 ሰዓት በዳቦና በሻይ ይከርማሉ።

ተማሪ ከሆናችሁ ወይም ብቻችሁን የምትጓዙ ወጣት ከሆናችሁ፣ ኢስታንቡልና ፍራንክፈርት ይመቻሉ። መሃል ላይ እግር ማፍታታቱ ራሱ ዕረፍት ነው። ሕፃን የያዘ ሰው ላይ ግን ሐሳቤ ይለያያል። ሕፃኑ ሌሊት የሚተኛ ከሆነ ያልተቋረጠው ጉዞ ይሻላል። የሚድህ፣ የሚሮጥ ልጅ ከሆነ ግን መሃል ላይ ወርዶ እንዲሮጥ ማድረግ ለእሱም፣ ለእናቱም፣ ለጎረቤት መንገደኛም ምሕረት ነው።

የጥበቃ ሰዓቱን በተመለከተ የምከተለው መለኪያ አለኝ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ከሆነ አልወስደውም። ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች በር ላይ ተጨማሪ ፍተሻ የተለመደ ነው፣ ሰልፉም ይረዝማል። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ደህና ነው። ከስድስት ሰዓት በላይ ከሆነ ዋጋው ሊያሳምነኝ ይገባል።

ሁለት የተለያየ ትኬት ቆርጦ ማገናኘት የሚባለውን ነገር ደግሞ ተዉት። እስከ ዱባይ በአንድ ትኬት፣ ከዚያ በሌላ። ይረክሳል፣ እውነት ነው። ግን የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቃችሁም። ሻንጣችሁንም ራሳችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ማስገባት ሊኖርባችሁ ነው፣ ያ ደግሞ የመግቢያ ቪዛ ሊያስጠይቅ ይችላል። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን ዘግይታችሁ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሌላ በረራ መፈለግ የአየር መንገዱ ሥራ ነው።

ሻንጣም ከንጽጽሩ አይወጣም። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ በኢኮኖሚ መደብ የተለመደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። በሌሎቹ ላይ ርካሹ ትኬት አንዳንዴ አንድ ሻንጣ ብቻ ይፈቅዳል። በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ጭኖ የማይሄድ ሐበሻ ስለሌለ የሁለተኛውን ሻንጣ ክፍያ ደምሩበትና ዋጋውን እንደገና አወዳድሩ። ቋንጣ ግን አትላኩ። የአሜሪካ ጉምሩክ ሥጋ አያስገባም፣ ይወስደዋል።

ሰዓቱን እንዴት እናንብብ?

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የዚያው ከተማ ሰዓት ነው። 22፡30 ተነስቶ 08፡30 ይደርሳል የሚል ትኬት አይቶ «አሥር ሰዓት ብቻ!» ብሎ የሚደሰት ሰው አይጠፋም። አይደለም። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወቅት፣ ከመጋቢት ሁለተኛ እሑድ እስከ ኅዳር መጀመሪያ እሑድ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በቀረው ጊዜ በ8 ሰዓት። ስለዚህ በበጋቸው ያ በረራ 17 ሰዓት ነው። ሲመለሱ ደግሞ 11፡00 ተነስቶ በማግስቱ 07፡00 የሚለው 20 ሰዓት ይመስላል፣ ግን 13 ነው። ወኪሉን «ጠቅላላ ሰዓቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተጽፏል።

ከሁሉም የከፋው የእኩለ ሌሊት ትኬት ነው። «ረቡዕ 00፡40» የሚል ትኬት በእኛ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡40 ነው። ከቤት የሚወጣው ማክሰኞ ማታ ነው ማለት ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ጭኖ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠርም ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ።

ዋጋው በብር ከተነገራችሁም ዛሬ የሰማችሁትን ለሳምንት አትመኑት። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዶላር የታሰበ ትኬት በብር ሲመነዘር ይንቀሳቀሳል። አማራጮችን ስታወዳድሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ገንዘብ አወዳድሩ።

ከመሃል ከተማ ቦሌ

ከመስቀል አደባባይ አየር ማረፊያው አምስት ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ማታ ከሆነ ቅርብ ነው። ከሥራ መውጫ ሰዓት ከሆነ ከፒያሳም ሆነ ከካዛንቺስ ሰፋ ያለ ጊዜ ያዙ። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚካሄድበት በየካቲት መንገድ በየሰዓቱ ይዘጋል። መስከረም 16 የደመራ ቀን አደባባዩ ዙሪያ መኪና አያልፍም። በኅዳር የታላቁ ሩጫ እሑድም እንዲሁ ነው። ትኬቱ ከእነዚህ ቀናት በአንዱ ላይ ከዋለ የማታውን በረራ ምረጡ፣ ካልሆነም በቀለበት መንገድ ዙሩ።

እዚያ ማዶ ለሚቀበለው ሰውም አስቡለት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደለስ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው፤ ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። ከአውሮፓ የሚነሱት አብዛኞቹ ከሰዓት በኋላ ይገባሉ። ደለስ ከዋሽንግተን መሃል ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከእ.ኤ.አ. 2022 መጨረሻ ጀምሮ ግን የከተማው ባቡር እስከ አየር ማረፊያው ድረስ ይሄዳል። ብቻውን የሚደርስ ወጣት አንድ ሻንጣ ከያዘ ማንንም ከሥራ ማስፈቀድ አያስፈልገውም። እማማ ሁለት ሻንጣ በርበሬ ይዘው ከሆነ ግን ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት የሚደርሰውን ትኬት ፈልጉላቸው።